የአንድን ወጣት ተዋናይ የሥራ ጉዞ በክበብ ማጥናት፦ ቶም ሆላንድን ለምሳሌ ይዘን

በሐዋሳ በክበብ ተሰባስበው ትወና የሚለማመዱ ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ጥያቄ «የትኛውን ፊልም እንይ?» የሚል ነው። ጥያቄው መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን ትወናን ለመማር አንድ ፊልም ከማየት ይልቅ አንድን ተዋናይ ከመጀመሪያ ሥራው አንሥቶ መከተል የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ፊልም የሚያሳየን ተሠርቶ ያለቀውን ነገር ሲሆን፣ የአንድ ተዋናይ የሥራ ጉዞ ግን ችሎታው በምን ቅደም ተከተል እንደ ተገነባ፣ የትኛው ሚና ለሚቀጥለው ሚና ምን ስንቅ እንዳስያዘው ያሳየናል። ከዚህ በታች የሚቀርበው ይህን ጥናት በሁለት ወር ገደማ፣ በሳምንት አንድ ምሽት እየተገናኙ ማካሄድ የሚቻልበት መንገድ ነው። ለምሳሌነት የተመረጠው እንግሊዛዊው ቶም ሆላንድ ነው።

ስለ ቅደም ተከተሉ አጥብቄ የምናገረው ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። በአቶቴ አካባቢ በተከራየናት ጠባብ አዳራሽ ወጣቶችን ሰብስቤ የጥናቱን የመጀመሪያ ምሽት ሆላንድ ዋናውን ሚና በተጫወተበት በሸረሪት ሰው (ስፓይደር ማን) ፊልም ከፈትኩት። ልጆቹ ተደሰቱ፣ አጨበጨቡ፣ ስለ ዝላዩና ስለ ልብሱ እያወሩም ወጡ፤ ስለ ትወናው ግን አንድ ቃል እንኳ አልተነሣም። ከኮምፒዩተር ምስሉና ከሙዚቃው ብዛት የተነሣ ተዋናዩ ራሱ አልታያቸውም ነበር። በሚቀጥለው ዙር ነገሩን ገልብጬ ከመድረክ ዘመኑ ስጀምር ውይይቱ ፈጽሞ ሌላ ሆነ። ስለዚህ ተዋናዩን በዝናው ቅደም ተከተል ሳይሆን በሥራው ቅደም ተከተል ተከተሉት።

ተዋናዩን ስለ መምረጥ

ለጥናት የሚመረጠው ሰው ሥራው በዓይነት የተለያየ፣ ቢቻል ከመድረክ የተነሣ፣ ዕድሜውም ከአጥኚዎቹ እጅግ ያልራቀ ቢሆን ይመረጣል። ሆላንድ እነዚህን ሁሉ ያሟላል። የተወለደው በለንደን ክልል ውስጥ በምትገኘው በኪንግስተን አፖን ቴምዝ እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 1996፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 24 ቀን 1988 ሲሆን፣ አባቱ ዶሚኒክ ሆላንድ ኮሜዲያንና ጸሐፊ፣ እናቱ ደግሞ ፎቶ አንሺ ናቸው። ሌላም ምክንያት አለ፤ በሐዋሳ ገበያ የሸረሪት ሰው ሥዕል ያለበት የተማሪ ቦርሳ እንደ ልብ ስለሚገኝ፣ «ይህ ማን ነው?» ተብሎ ማብራሪያ የሚጠየቅበት ሰው አይደለም። ሁሉም የሚያውቀው የሚመስለውን ሰው ማጥናት፣ ሳያውቀው የኖረውን ጎን ሲያገኝ ተማሪውን ይበልጥ ያነቃዋል።

መዝገቡ

ማንኛውም ፊልም ከመታየቱ በፊት አንድ ደብተር ይዘጋጅ፤ ገጹም በአምስት ዓምድ ይከፈል። በመጀመሪያው ዓምድ ዓመተ ምሕረቱ በሁለቱም አቆጣጠር፣ በሁለተኛው የሥራው ስም፣ በሦስተኛው ሚናው፣ በአራተኛው ተዋናዩ በዚያን ጊዜ የነበረው ዕድሜ፣ በአምስተኛው ደግሞ ያ ሥራ ከዚህ በፊት ያልተጠየቀውን ምን ነገር ከሰውነቱ ወይም ከድምፁ እንደ ጠየቀው ይጻፋል። ጥናቱ የሚያርፈው በአምስተኛው ዓምድ ላይ ነው። የቀሩት አራቱ ከኢንተርኔት በአንድ ሰዓት ሊሞሉ ይችላሉ፤ አምስተኛውን ግን ሥራውን በዓይኑ ያላየ ሰው ሊሞላው አይችልም።

ዓመቱን ስትለውጡ ከጃንዋሪ እስከ አዲስ ዓመታችን ዋዜማ ስምንት፣ ከመስከረም መባቻ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ግን ሰባት መቀነስ እንዳለበት አትርሱ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት በእኛ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር የአውሮፓውያን ናቸው። ፊልሙ የተቀረጸበትንና ለሕዝብ የታየበትን ዓመትም ለዩ፤ አንድ ልጅ በአሥራ አራት ዓመቱ የተጫወተውን ሥራ በአሥራ ስድስት ዓመቱ እንደ ሠራው አድርጎ መመዘን ፍርዱን ያዛባል።

የመድረኩ ዘመን

ሆላንድ በልጅነቱ በዊምብልደን የዳንስ ትምህርት ይከታተል ነበር። በ2006 በሪችመንድ የዳንስ ፌስቲቫል ላይ ሲጨፍር የቢሊ ኤሊየት ሙዚቃዊ ተውኔት የውዝዋዜ ባለሙያዎች ባልደረባ የነበረች ሴት አየችው፤ ከዚያም ስምንት ጊዜ ተፈትኖና ሁለት ዓመት ያህል ሠልጥኖ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 28 ቀን 2008 በለንደኑ ቪክቶሪያ ፓላስ ቲያትር መድረክ ላይ ወጣ። የወጣው ግን ቢሊን ሆኖ አልነበረም፤ የቢሊን ጓደኛ ማይክልን ሆኖ ነው። ዋናውን ሚና የተጫወተው በዚያው ዓመት መስከረም 8 ቀን ሲሆን፣ ዕለቱ በእኛ ጳጉሜን 3 ቀን 2000 ነበር፤ እኛ የሚሌኒየሙን ዓመት ልንሸኝ ሦስት ቀን ሲቀረን እሱ በአሥራ ሁለት ዓመቱ አንድ ትልቅ ቲያትር ተሸክሞ ቆመ ማለት ነው። እስከ ግንቦት 2010 ድረስም በዚሁ ሥራ ቆየ።

የዚህ ዘመን ቪዲዮ በብዛት አይገኝም፤ የሚገኙት አጫጭር ቅንጫቢዎች ግን ለአንድ ምሽት ይበቃሉ። ታሪኩ በ1984 እና 1985 በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ በተካሄደው የማዕድን ሠራተኞች አድማ ወቅት የተቀመጠ ሲሆን፣ የቦክስ ጓንቱን ትቶ ባሌ ስለሚማር የሠራተኛ ልጅ የሚተርክ ነው። ስለዚህ የለንደኑ ልጅ ባሌን ከባዶ መማር ብቻ ሳይሆን የሰሜን ምሥራቁን ዘዬም መልመድ ነበረበት። በአምስተኛው ዓምድ የመጀመሪያው መስመር ላይ «ባሌ፣ ጅምናስቲክ፣ የሌላ አካባቢ ዘዬ፣ በየምሽቱ በሕዝብ ፊት መቆም» ብላችሁ ጻፉና ከጎኑ ባዶ ቦታ ተዉለት፤ በኋላ የምትመለሱበት ነው።

ለዚህ ምሽት የሚሆነው ልምምድ ቀላል ነው። እያንዳንዱ አባል ከቤቱ በር ወጥቶ እስከ ታክሲው ማቆሚያ የሚሄድበትን መንገድ ያለ ንግግር በሁለት ደቂቃ ያሳይ፤ ሌሎቹ ሰዓቱ ጠዋት ይሁን ማታ፣ ሰውየው ይቸኩል ወይስ አይቸኩል ከእግሩ አጣጣል ብቻ ይገምቱ። ብዙዎቻችን የምንተውነው ከአንገት በላይ መሆኑ ቶሎ ይታያል።

ዘ ኢምፖሲብል፦ ሁለት ምሽት የሚያስፈልገው ሥራ

ከሁሉም ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ፊልም ነው። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. በሕንድ ውቅያኖስ የተነሣው ሱናሚ ታይላንድ ውስጥ በበዓል ዕረፍት ላይ ያገኘውን የአንድ ስፔናዊ ቤተ ሰብ እውነተኛ ታሪክ መነሻ ያደረገ ሲሆን፣ ያዘጋጀው ስፔናዊው ኹዋን አንቶኒዮ ባዮና ነው። ፊልሙ በታይላንድና በስፔን ተቀርጾ በ2012 ታየ። ሆላንድ የቤቱን ታላቅ ልጅ ሉካስን ሆኖ ከናኦሚ ዋትስና ከዩዋን ማክግሬገር ጋር ተጫውቷል።

በመጀመሪያው ምሽት ፊልሙን ሳታቋርጡ እዩት። በሁለተኛው ምሽት ግን ሁለት ክፍሎችን ብቻ ድምፁን አጥፍታችሁ መልሳችሁ እዩ። አንደኛው ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ልጁ እናቱን ከኋላ ሲከተላት ቁስሏን የሚያይበት ነው። ልጁ አይጮኽም፤ ፊቱን ያዞራል። ማልቀስ የሚጠበቅበት ቦታ ላይ ማፈርን መረጠ፤ የእናቱን ገላ በዚያ ሁኔታ ማየት የማይችል የአሥራ ሁለትና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሐፍረት ነው የሚታየው። ይህ ምርጫ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በእኛም ቤት ልጅ የእናቱን ሕመም የሚያየው ዓይኑን ሰብሮ ነው። ሁለተኛው ክፍል በሆስፒታሉ ውስጥ ነው። እናቱ ሌሎችን እንዲረዳ ልካው፣ የጠፉ ዘመዶችን ስም እየጻፈ በየአልጋው ሲጠራ ይቆይና ሲመለስ በአልጋዋ ላይ ሌላ ሰው ተኝቶ ያገኛል። ስም ሲጠራ የነበረው አካሄዱና ከዚያ በኋላ ያለው አካሄዱ እንዴት እንደሚለያይ ልብ በሉ። በመጀመሪያው ትንሽ አለቃ መስሎ ነበር፤ በሁለተኛው ዳግመኛ ልጅ ሆነ።

ለዚህ ሚና በአሜሪካው የፊልም ሸላሚ ድርጅት በናሽናል ቦርድ ኦፍ ሪቪው የዓመቱ ብቅ ያለ ተዋናይ ተብሎ ተሸልሟል። እኔ ግን ከሽልማቱ ይልቅ የምጠቁመው፣ በዚህ ፊልም አንድም የዳንስ እርምጃ ሳይኖር የመድረኩ ሥልጠና በሙሉ መታየቱን ነው። ውኃ ውስጥ ሲወድቅ፣ ሲነሣ፣ እናቱን ሲደግፍ ሰውነቱ ይታዘዘዋል። በደብተሩ ላይ ወደ መጀመሪያው መስመር ተመልሳችሁ በተዋችሁት ባዶ ቦታ ይህን ጻፉ።

ለልምምዱ ወደ አሞራ ገደል መውረድ ይቻላል። ማለዳ የዓሣው ገበያ ሲሞቅ አንድ አባል ከሕዝቡ መካከል የጠፋ ታናሽ ወንድሙን እንደሚፈልግ ሆኖ ሳይናገር አሥር ደቂቃ ይዙር። ማንም ሰው ትወና መሆኑን ካወቀበት ልምምዱ አልተሳካም። በእኛ ዙር አንዲት ልጅ ይህን በሚገባ ከመሥራቷ የተነሣ አንድ ዓሣ ሻጭ አባት «ልጄ፣ ምን ጠፋሽ?» ብለው አስቁመዋታል፤ ነገሩን አስረድታ ይቅርታ መጠየቅ ነበረባት። ስለዚህ ከገበያው ሰዎች ለአንዱ አስቀድሞ መንገር ይበጃል። በገበያው የሚቆሙት ትልልቆቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ እንደ ሆኑ ከሥጋ በቀር ምንም አያስደንቃቸውም።

ፊልሙ ሞትና ቁስል ስለሚበዛበት በቅርብ ሐዘን የደረሰበት አባል ካለ ምሽቱን እንዲዘል አስቀድማችሁ ንገሩት።

ትንንሾቹ ሚናዎች

ከ2013 እስከ 2015 ያሉት ሥራዎች በአብዛኛው ተመልካች የሚዘላቸው ናቸው፤ አጥኚ ግን ሊዘላቸው አይገባም። ሎክ በተባለው ፊልም ታሪኩ በሙሉ አንድ ሰው መኪና እየነዳ በስልክ ሲነጋገር የሚካሄድ ሲሆን፣ ሹፌሩ ቶም ሃርዲ ነው። ሆላንድ የልጁን የኤዲን ድምፅ ብቻ ሰጠ፤ ፊቱ አይታይም። ከዚያ ቀደም ብሎም በ2011 ለአንድ የጃፓን አኒሜሽን የእንግሊዝኛ ድምፅ ሰጥቶ ነበር። በአገራችን ከሬዲዮ ድራማ አንሥቶ በአማርኛ ድምፅ እስከሚተላለፉት የቱርክ ተከታታይ ድራማዎች ድረስ የድምፅ ተዋናይ እንጀራ የሚያገኝበት ሥራ ስላለ፣ ይህን ክፍል በቀላሉ አታልፉት። መብራት የሚጠፋበት ምሽት ለዚሁ ይመቻል፤ በጨለማ ተቀምጣችሁ አባትና ልጅ በስልክ የሚነጋገሩበትን አጭር ቃለ ተውኔት ጀርባ ለጀርባ ሆናችሁ አንብቡ።

በ2015 ቢቢሲ ባቀረበው የስድስት ክፍል ተከታታይ ድራማ ዉልፍ ሆል ደግሞ ግሪጎሪ ክሮምዌልን፣ የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ባለሟል የቶማስ ክሮምዌልን ልጅ ሆኖ ተጫውቷል። አባቱን ሆኖ የተጫወተው ማርክ ራይላንስ ነው፤ በጸጥታ መተወን ምን እንደ ሆነ ለማየት ከእሱ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ልጁ ጥቂት ይናገራል፣ ብዙ ያዳምጣል። እያንዳንዱ አባል ግሪጎሪ ዝም ባለበት አንድ ትዕይንት ላይ ዓይኑ ስንት ጊዜ ከአባቱ ፊት እንደሚነሣ ይቁጠር። በክበባችን ትልቁ ችግር የራስን ተራ መጠበቅ ስለ ነበር፣ ይህ ቁጥር ከብዙ ምክር በልጦ ሠርቷል።

በዚያው ዓመት የወጣው የሮን ሃዋርድ የባሕር ፊልም በ1820 ዓሣ ነባሪ የሰበራትን የኤሴክስ መርከብ ታሪክ ሲያቀርብ፣ ሆላንድ ትንሹን መርከበኛ ቶማስ ኒከርሰንን ሆነ። ተዋንያኑ የረኀቡን ክፍል ለመሥራት በባለሙያ ክትትል ክብደት ቀንሰዋል። ጾም የምናውቅ ሰዎች ብንሆንም፣ ለአንድ የክበብ ትርኢት ተብሎ ሰውነትን ማስራብ ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ረኀብን በአተነፋፈስና በአንገት አያያዝ ማሳየት ይቻላል።

አንድ ነገር ከዚህ ጋር በደብተሩ ይግባ። በአሥራዎቹ መጨረሻ ሥራ ሲቀዘቅዝ እናቱ በዌልስ ወደምትገኘው ካርዲፍ የአናጢነት ትምህርት እንዲማር ልካው ነበር። ከልጃቸው ትወና ጋር ለሚጣሉ ወላጆች ይህን አንብቡላቸው፤ ለልጆቹም ጭምር።

ጭምብሉ ከወለቀ በኋላ

አሁን ወደ ሸረሪት ሰው መድረስ ይቻላል። በ2015 ለፒተር ፓርከር፣ ማለትም ለሸረሪት ሰው፣ ሚና ሲፈተን ከሮበርት ዳውኒ ጁኒየር ጋር አብሮ ተጫውቶ ነበር፤ መጀመሪያ የታየው በ2016 በወጣው የካፕቴን አሜሪካ ፊልም ውስጥ ለአጭር ጊዜ ሲሆን፣ የራሱ ፊልም ሆምካሚንግ በ2017 ወጣ። ለዚህ ዝግጅት በኒው ዮርክ በሚገኘው የብሮንክስ የሳይንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማንነቱን ደብቆ ጥቂት ቀናት ተማሪ መስሎ ተቀምጧል። በዚያው ዓመት ሕዝብ በድምፁ የሚመርጠውን የባፍታ (የብሪታንያ የፊልም አካዳሚ) ተስፈኛ ኮከብ ሽልማት አገኘ።

ፊልሙን በሙሉ ማየት አያስፈልግም። ፒተር በፍርስራሽ ሥር ተቀብሮ፣ ጭምብሉን አውልቆ እርዳታ የሚጮኽበትን ክፍል ብቻ ውሰዱ። ጩኸቱ የጀግና አይደለም፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነው። ትንፋሹ መጀመሪያ አጭርና ላይ ላዩን፣ ኋላ ረጅምና ከሆድ የሚወጣ ይሆናል፤ የሐሳቡ ለውጥ የሚታወቀው በትንፋሹ ነው። በእጁ የሚያነሣው ድንጋይ ሐሰት እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ትንፋሹ ግን እውነት ስለ ሆነ እናምነዋለን። በ2018ቱ ኢንፊኒቲ ዋር መጨረሻም መምህሩን ሙጥኝ ብሎ መሄድ እንደማይፈልግ ደጋግሞ የሚለምንበት ትዕይንት አለ፤ አንድን ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ በተለያየ ስሜት የመድገም ልምምድ ከዚህ ይወሰድ።

ስለ ዘዬ

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው። አንድ የለንደን ልጅ በመድረክ ሰሜን ምሥራቅ እንግሊዛዊ፣ በፊልም በኒው ዮርክ ከተማ የኩዊንስ ክፍል ተማሪ፣ በ2020 በኔትፍሊክስ በቀረበው ዘ ዴቭል ኦል ዘ ታይም ደግሞ የኦሃዮና የዌስት ቨርጂኒያ ገጠር ልጅ የሆነውን አርቪንን ሆኖ ተናግሯል። ሐዋሳ ለዚህ ጥናት የታደለች ከተማ ናት። በአንድ ባጃጅ ውስጥ በሲዳምኛ አፉን የፈታ፣ በወላይትኛ አፉን የፈታና አዲስ አበባ ያደገ ሦስት ሰው ተቀምጦ በሦስት ዓይነት አማርኛ ሲያወራ ትሰማላችሁ። ነገር ግን በመድረካችን ዘዬ ለማሳቅ ብቻ ሲውል ኖሯል፤ ገና ተዋናዩ አፉን ሲከፍት ሕዝቡ የሚስቀው በሰውየው ላይ ነው። ለልምምዱ እያንዳንዱ አባል የራሱ ያልሆነ ዘዬ ያለውን ሰው ፈቃድ ጠይቆ አሥር ደቂቃ ያናግር፤ ከዚያም በዚያው ዘዬ ስለ አንድ ሐዘን ወይም ስለ አንድ ውሳኔ ይናገር። የዘዬው ባለቤት በአዳራሹ ተቀምጦ «ይህ እኔን ይመስላል» ካለ አልፏል። በጥናቱ ከሁሉ የከበደን ይህ ነበር፤ ከስምንት ሰው ያለፉት ሁለት ናቸው።

አርቪን ያለበት ፊልምም ሆነ በ2021 የወጣው ቼሪ፣ ይኸውም ከጦርነት ተመልሶ በመድኃኒት ሱስ ስለሚወድቅ የጦር ሜዳ ሕክምና ባልደረባ የሚተርከው፣ ለዐዋቂዎች ብቻ የሚሆኑ ናቸው። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ያሉ አባላት ካሉ ስለ ፊልሞቹ መናገር ይበቃል። ቼሪን ተቺዎች እኩል አልወደዱትም፤ በ2023 የቀረበውና ሆላንድ ከዋና ተዋናይነቱ ሌላ ከፕሮዲዩሰሮቹ አንዱ የሆነበት ተከታታይ ድራማ ዘ ክራውድድ ሩምም በብዙ ተቺዎች ተነቅፏል፤ ከዚያ ሥራ በኋላም አንድ ዓመት ማረፉን ተናግሯል። ይህ በመዝገቡ ሳይሸፋፈን ይጻፍ። ያልተሳኩትን ሥራዎች የሚዘል የሥራ ታሪክ የማስታወቂያ ወረቀት ነው።

ወደ መድረክ መመለስ

በ2024 ከግንቦት እስከ ነሐሴ መጀመሪያ በለንደኑ ዱክ ኦፍ ዮርክስ ቲያትር፣ በጄሚ ሎይድ አዘጋጅነት ሮሜዎን ተጫውቷል፤ ቢሊ ኤሊየትን ከተሰናበተ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ማለት ነው። የዚያን ትርኢት ቅጂ ማግኘት ባትችሉም ለእኛ የተሻለ ነገር አለ፤ ከበደ ሚካኤል ሮሜዎና ዡልዬትን ወደ አማርኛ መልሰውታል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ምሽቶች ይህን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ለማንበብ አውሉት። ሆላንድ በማዕበል፣ በስልክ ድምፅና በዝምታ የተማረውን ወደ ግጥም ይዞ እንደ ተመለሰ እናንተም በገበያው፣ በጨለማውና በዘዬው ልምምድ ያገኛችሁትን ይዛችሁ ወደ ግጥሙ ግቡ። ቤት መምቻው ላይ ድምፅ ከፍ የማድረግ ልማዳችንን ተዉ፤ ሐሳቡ በሚያርፍበት ላይ ዕረፉ።

ስለ ወጪው አጭር ማስታወሻ ልጨምር። የኔትፍሊክስና ቼሪንና ዘ ክራውድድ ሩምን የሚያሳየው የአፕል ክፍያ በውጭ ምንዛሬ የሚሠራ ካርድ ስለሚጠይቅ፣ ካርድ ያለው አንድ አባል ወይም ዘመድ ካልተገኘ ሁሉንም ለማየት አትድከሙ። ዘ ኢምፖሲብል፣ ዉልፍ ሆልና አንድ የሸረሪት ሰው ፊልም በሕጋዊ መንገድ ከተገኙ፣ የቀረውን አምራቾቹ ራሳቸው በነጻ በሚለቋቸው ቅንጫቢዎች መሙላት ይቻላል። መብራት እንዳያቋርጣችሁ ላፕቶፑ ከቀን ጀምሮ ቻርጅ ይደረግ፤ የድምፅ ማጉያውም በባትሪ የሚሠራ ይሁን።

መዝገቡ ሲሞላ ለሚቀጥለው ዙር ሌላ ስም ያስፈልጋል። በእኛ ክበብ ሴቶቹ አባላት ተራው የእነሱ መሆኑን አስረድተው በዚያው በ1996 በኦክስፎርድ የተወለደችውን ፍሎረንስ ፒውን መርጠዋል፤ አዲሱ ደብተር ተገዝቷል፣ ዓምዶቹም ተሠምረዋል። የቅዳሜውን ምሽት የምትመራው በአሞራ ገደል ዓሣ ሻጩን ያስደነገጠችው ልጅ ናት።